ከቦሌ ሸዋ ሮቢት ከሕፃን ጋር፦ ከመኪናው በፊት ሰዓቱን ምረጪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለግንቦት ልደታ ከአሜሪካ እመጣለሁ። የ10 ወር ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ ይዤ ነው። ሚያዝያ 28 ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ቦሌ እናርፋለን። እናቴ ያለችው ሸዋ ሮቢት ነው። ወንድሜ ኤሲ ያለው ሚኒባስ ተኮናትሮ፣ ምሳ በልተን በዚያው ቀን እንድንወጣ አስቧል። ሕፃኗን እኔ አቅፋታለሁ። እኔ ሙቀቱ ያስፈራኛል። ቤተሰብ ግን 'ልጅን የሚጎዳው ብርድ እንጂ ሙቀት አይደለም' ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሂጂ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?»

ቁርጡን ልንገርሽ። በዚያው ቀን አትውጪ። አዲስ አበባ እደሪና በማግስቱ፣ ሚያዝያ 29፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጪ። ሕፃኗን አቅፈሽ አትሂጂ፤ የልጅ ወንበር ከዚያው ይዘሽ ነይ። ኮምቦልቻውን እርሺው።

እኔ ከቦሌ ወደ ሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ማመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ የሕፃናት ነርስ ናት። ስለ መኪናና መንገድ የምነግርሽ ከራሴ ነው፤ ስለ ልጅ አካል የምነግርሽ ከሷ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። 1 ሰዓት ተኩል አውሮፕላኑ አረፈ ማለት 1 ሰዓት ተኩል ወጣሽ ማለት አይደለም። ፓስፖርት፣ ሻንጣ፣ ዳይፐር መቀየር፣ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል አለ። ሁለት ልጅ ይዘሽ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣሽ ጎበዝ ነሽ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ከልጆች ጋር፣ ከነማረፊያው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ያዢለት። ቀጥታ ከቦሌ ከወጣሽ ቆላው ላይ የምትደርሺው 8 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ነው። ወንድምሽ እንዳለው ምሳ በልታችሁ 7 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በርን ቁልቁለት የምትጀምሩት ወደ ማታ ነው፤ ሸዋ ሮቢት የምትገቡትም ሊጨልም ሲል። ያውም ምንም ካላጋጠማችሁ። አንድ ጎማ ከተነፈሰ ወይም አንድ ኬላ ላይ ሰልፍ ከጠበቃችሁ በጨለማ፣ ሌሊቱን ሙሉ በበረራ ካልተኙ ልጆች ጋር መንገድ ላይ ናችሁ። አንዱ ዕቅድ ሙቀት ውስጥ ይከትሻል፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣሽ ነገሩ ይቀየራል። ደብረ ብርሃን 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቁርስ ትበላላችሁ። 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ደብረ ሲና፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እናትሽ ደጃፍ። ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ይረዳሻል። ከአሜሪካ የመጡ ልጆች በመጀመሪያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የምታገኚያቸው። በግድ ከምታስተኚያቸው አብልተሽ አሰናጂያቸው፤ መኪናው ውስጥ ይተኛሉ።

አሁን ወደ «ልጅን ሙቀት አይጎዳውም» እንምጣ። ይህን የሚሉት ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ዘመዶችሽ ከሆኑ አልፈርድባቸውም፤ ለነሱ ጠላት ብርዱ ነው። ግን ስህተት ነው። ዝግ መኪና ውስጥ የትንሽ ልጅ ሰውነት ከአዋቂ ሰውነት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። የ10 ወር ልጅ ጠማኝ አትልም። ልብሷን ራሷ አታወልቅም። መጀመሪያ ትነጫነጫለች፣ ቀጥሎ ዝም ትላለች። ሰውም «እሰይ፣ ተኛችልን» ይላል። እኔ የምፈራው ያንን ዝምታ ነው።

በዚህ መንገድ ደግሞ ተንኮሉ ያለው ብርዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፈሽ ደብረ ብርሃን ስትደርሺ 2,800 ሜትር አካባቢ ነሽ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ቦታውን አውቆ ይመስለኛል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጉም ሊጠብቅሽ ይችላል። እዚህ ላይ ማንኛዋም እናት ልጇን በጋቢ ትጠቀልላለች። ልክ ነሽ፣ ጠቅልያት። ልጅቷ ሞቋት ትተኛለች። ከዚያ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ስትወጪ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ትወርጃለሽ። በየሺህ ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ የቀኑ ሙቀት እየበረታ ነው። ጣርማ በር ላይ በጋቢ የተጠቀለለችው ልጅ ሸዋ ሮቢት ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ እዚያው ጋቢ ውስጥ ናት። ማንም አልነካትም፤ ተኝታለቻ! ባለቤቴ ከቆላ ጉዞ በኋላ «ትኩሳት ያዛት» ተብለው የሚመጡላት ሕፃናት ውስጥ ትኩሳት የሌለባቸው አሉ። ጋቢው ሲገፈፍና ጡት ሲጠቡ ይበርድላቸዋል።

ስለዚህ ደብረ ሲና የግድ የምትቆሚባት ቦታ ናት። ልጆቹ ቢተኙም ትቆሚያለሽ። ጋቢና ሹራብ ይወልቃል፣ ስስ የጥጥ ልብስ ብቻ ይቀራል፣ ዳይፐር ይቀየራል፣ ይጠባል፣ ይጠጣል። ልጅቷ ሞቋት እንደሆነ ለማወቅ እጇንና እግሯን አትዳብሺ፤ እነሱ ያታልላሉ። ማጅራቷን ዳብሺ። ላብ ካለው ወይም ከጋለ አንድ ልብስ ይቀነስ። ነጠላም ቢሆን ከላይ አታልብሻት። ፀሐይ ለመከላከል ብለው ወንበሩ ላይ ጨርቅ የሚጥሉ አሉ፤ ከሥሩ አየር ይታፈንና ይብስባታል። ጥላ ከፈለግሽ መስኮቱን ጋርጂ።

ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ከመኪናው ቀድመው ይደርሳሉ። ቆሎውን ግዢ፣ ግን ለራስሽ። የአራት ዓመቱ ልጅሽ ቢለምንም በሚሄድ መኪና ውስጥ ቆሎ አትስጪው፤ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል። ሕፃኗማ ጭራሽ። ሌላም ነገር አለ፦ ቆሎ ለመግዛት ተብሎ ልጅ መኪና ውስጥ አይተውም። «አምስት ደቂቃ ነው» አይባልም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብቻ ከውጭው ሙቀት አሥር ዲግሪ ያህል ይበልጣል። አብዛኛው ሙቀት የሚጨመረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ የሚቀንሰው እዚህ ግባ አይባልም። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ከቆመ ልጆቹ ይወርዳሉ።

ኤሲውን በተመለከተ፣ ወንድምሽ ያለው ጥሩ ነው፣ ግን አትመኪበት። እዚህ አገር «ኤሲ አለው» ማለት ብዙ ጊዜ ቁልፉ አለ ማለት ነው። ጋዙ ካለቀ ቆይቷል። የሚሠራውም ቢሆን በብዙ ሚኒባስ ከፊት ለፊት ብቻ ይነፍሳል፤ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ የተቀመጠች ሕፃን ዘንድ አይደርስም። ዳገት ላይ ሞተር እንዳይግል ሹፌሩ ያጠፋዋል፤ ይህ ስትመለሺ ይታወቅሻል። መኪናው ሲበላሽ ደግሞ ኤሲውም አብሮ ይቆማል። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቤተሰብ ይዤ፣ ከደብረ ሲና በታች፣ 7 ሰዓት ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ስኮርታውን ሳወርድ እሱም የተነፈሰ ነው። ጠዋት አላየሁትም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹን ግራር ሥር አስቀምጠን አንድ ሰዓት ከሃያ ጠበቅን። የነበረን ውኃ ሁለት ሊትር ብቻ ነበር። ምንም አልሆኑም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከልጅ ጋር በቀትር ያንን መንገድ አልወርድም፣ ስኮርታውንም በእጄ ሳልጫን አልነሳም።

አሁን «አቅፋታለሁ» ያልሽው። ይህን በጣም ብዙ እናቶች ይሉኛል፤ ከእናት እቅፍ የሚበልጥ የለም ብለው። ፍቅሩ አይካድም፤ ጉልበቱ ግን የለም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ድንገት ሲጋጭ የአሥር ኪሎ ልጅ በእጅሽ ላይ የምትፈጥረው ጉልበት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይሆናል። የትኛዋም እናት አትይዘውም። ባሰ ደግሞ አንቺ ራስሽ ወደፊት ስትወረወሪ እሷ ከፊትሽ ናት። ቀበቶን ለሁለት ማሰርም ያው ነው፤ በአንቺ ክብደት ቀበቶው ሆዷን ይጨምቃታል።

እዚህ የኪራይ መኪና ላይ የልጅ ወንበር አገኛለሁ ብለሽ አትምጪ። ከዚያው አምጪ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የልጅ ወንበርና ጋሪ ከሻንጣው ኮታ ውጪ ይቀበላሉ፤ ትኬት የቆረጥሽበትን ጠይቂ። ለሕፃኗ ፊቷን ወደ ኋላ የሚያዞረው፣ ለወንድምየው ባለ ማሰሪያው ይሁን። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። አሜሪካ ያለሽ ወንበር መኪናው ወንበር ሥር ካለ ብረት ጋር የሚያያዝ ሊሆን ይችላል። የኛ ሚኒባሶች አብዛኞቹ ያ ብረት የላቸውም። በመኪናው ቀበቶ ሊታሰር የሚችል መሆኑን መመሪያው ላይ አይተሽ አንዴ እቤት ሞክሪው። ወፍራም ጃኬት አልብሰሽ አትሰሪያት፤ ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል። መጀመሪያ እሰሪያት፣ ጋቢውን ከላይ አልብሻት። ደብረ ሲና ላይ ለማንሳትም ይቀላል። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ የቀበቶውን ብረት በእጅሽ ሳትነኪ አታስሪ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

የኮምቦልቻው ሐሳብ ካርታ ላይ ቆንጆ ይመስላል። በእርግጥ ኮምቦልቻ ከሸዋ ሮቢት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባው ያንሳል። ግን ከረጅም በረራ በኋላ ሌላ ፍተሻ፣ ሌላ ጥበቃ፣ ሌላ ሻንጣ ማውጣት ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ የሚጠብቅሽ መኪና ከየት ይምጣ? ወንድምሽ የሚያውቀው ሹፌር አዲስ አበባ ነው ያለው። መንገዱም በከሚሴና በአጣዬ በኩል አብዛኛው ቆላ ነው፤ በቀን በረራ ደርሰሽ በዚያው በቀትር ትጓዢበታለሽ። ከአዲስ አበባው ላም በረት መናኸሪያ የሚነሳው አውቶቡስ ደግሞ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። ከሕፃን ጋር ግን በፈለግሽበት አታስቆሚውም፣ የልጅ ወንበርም አታስሪበትም።

ደብረ ብርሃን ማደርስ? ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል፤ መንገዱን ለሁለት ይከፍላልና። ለአዋቂ እኔም እመክራለሁ። ለናንተ ግን በመጀመሪያው ሌሊት አልወደውም። ከባሕር ጠለል አካባቢ ተነስቶ በዚያው ቀን 2,800 ሜትር ላይ መተኛት ለአንዳንድ ልጅ ራስ ምታት፣ ማስታወክና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። በጣርማ በር በመኪና አልፎ መሄድ ግን ችግር የለውም፤ ነገሩ ያለው መተኛቱ ላይ ነው። ስትመለሺ ግን ደብረ ብርሃን እደሪ፣ ጥሩ ነው።

ውኃ ለመንገድ ቢያንስ ስድስት ሊትር ያዢ። ሁሉም ለመጠጥ አይደለም፤ ፎጣ ለማራስም ነው። ጡት የምታጠቢያት ከሆነ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፤ በ10 ወሯ በመሃል ውኃ መጎንጨትም ትችላለች። ስታጠቢያት መኪናው ይቁም። የዱቄት ወተት ከሆነ ዱቄቱን ለብቻ፣ ትኩስ ውኃውን በፔርሙዝ ያዢና በሚያስፈልግሽ ሰዓት በጥብጪ፤ የተረፈውን ድፊው። ቁልቁለቱ ላይ ጆሯቸው ይደፈናል፤ ለሕፃኗ ጡጦ፣ ለትልቁ ውኃ በመምጠጫ ስጪ። ትልቁ ጠመዝማዛው ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። ቁርሱ ቀለል ይበል፣ ስልክ እንዳያይ፣ ፌስታል አዘጋጂ። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ያኔ ኦአርኤስ (ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) በጥብጪ፦ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ።

አደጋውን የምታውቂበት ምልክት ይህ ነው። የልጁ ሰውነት በጣም ከጋለ፣ ከደነዘዘ፣ ስትጠሪው በወጉ ካልመለሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሙቀት መትቶታል ብለሽ ተነሺ። ጥላ ሥር አውጪው፣ ልብሱን ግፈፊ፣ መላ አካሉን በውኃ አርሰሽ አራግቢ፤ እያራስሽም ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም። ፓራሲታሞል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ይህ የበሽታ ትኩሳት አይደለም። ያልነቃ ልጅ አፍ ውስጥም ውኃ አታድርጊ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዳይፐሯ ደረቅ ከሆነ ወይም እርግብግቢቷ ከሰረጎደ ደግሞ ፈሳሽ አንሷታል፤ ቤት እስክንደርስ አይባልም።

ወንድምሽ መኪናውን ከደላላ ሳይሆን ሹፌሩን አግኝቶ ይስማማ። ቀብድ ይስጥ፣ ሙሉውን አይክፈል። ዋጋው የሹፌሩን አዳርና በየመንገዱ መቆምን እንደሚጨምር አስቀድሞ ይነጋገሩ፤ አለበለዚያ ደብረ ሲና ላይ «ቶሎ በሉ» ይመጣል። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ኤሲ ሰው ፊት ይታዩ። ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ፤ ውስጥ ልጆች እግር ሥር አይከመር። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር ይሁን፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ደብረ ሲና ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል።

መንገዱን ሳልናገር አላልፍም። በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ባለፉት ዓመታት ይህ መስመር የሚዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ማታ አንዴ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ተደውሎ ይጠየቅ። ከተጠራጠራችሁ አትነሱ። አዲስ አበባ የምትይዢው ማደሪያ ሌሊት መጨመር የሚቻልበት ይሁን። ለልደታ ሁለት ቀን ትርፍ አለሽ።

እናትሽ ቤት ስትደርሺ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ልጆቹ ቀኑን ጥላ ባለበት በረንዳ ይዋሉ። ማታ ደግሞ አጎበር ውስጥ ነው የሚተኙት፤ ሸዋ ሮቢት ወባ አለ። ከመምጣትሽ በፊት የወባ መከላከያውን የልጆቹን ሐኪም ጠይቂ። ከደረሳችሁ ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፣ አሜሪካ ከተመለሳችሁም በኋላ ቢሆን፣ ሳይመረመር አይታለፍ።

ለመመለሻው ከሸዋ ሮቢት ጠዋት በማለዳ ውጪ፣ ዳገቱን ፀሐይ ሳትበረታ ትጨርሺዋለሽ። ግን የበረራው ዕለት አይሁን፤ አንድ ቀን ቀድመሽ።

ዛሬ ማታ ለወንድምሽ አንድ መልእክት ላኪለት። የመኪናውን የኋላ መቀመጫ ቀበቶ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ወገብንም ትከሻንም የሚይዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ወገብ ብቻ የሚይዝ ከሆነ አንዳንዱ የልጅ ወንበር በሱ አይታሰርም፤ የወንበርሽን መመሪያ አገላብጪ። ቀበቶ የሚባል ከሌለው መኪናውን ይቀይር፤ ገና ጊዜ አለው።